ስለ ነፃነት ወራሾች የተጻፈው መጽሐፍ በሲኒማ መታየቱ

አንድ ሕዝብ ከባዕድ አገዛዝ ቀንበር በተላቀቀ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት የእልልታ ዓመት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የጎዳናው ስም ይለወጣል፤ የባዕድ ሹም ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ የአገር ልጅ ይቀመጣል። እልልታው ሲበርድ ግን ሕዝቡ ቀስ ብሎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተለወጠው ተቀማጩ ነው ወይስ የአገዛዙ ሥርዐት? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በአፍሪካ ምድር አጥብቀው ከጠየቁት ጸሐፊዎች መካከል የሴኔጋሉ ተወላጅ ኡስማን ሴምቤን አንዱ ናቸው። በ1973 ዓ.ም. (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ኻላ» የተባለ ልብ ወለድ መጽሐፍ በፈረንሳይ ቋንቋ አሳተሙ፤ ሁለት ዓመት ቈይተውም በ1975 ዓ.ም. ያንኑ መጽሐፍ ራሳቸው ወደ ሲኒማ ለውጠው ለሕዝብ አሳዩት።

የመጽሐፉና የሲኒማው ዕድል ግን አንድ አልሆነም። መጽሐፉ ምንም ሳይጐድልበት ተነበበ፤ ሲኒማው ግን በገዛ አገሩ ዐሥር ያህል ቦታ ላይ ተቈርጦ ለሕዝብ ታየ። ታሪኩ ያው ነው፤ ደራሲውም ያው ናቸው፤ የሚወቀሰውም ሰው ያው ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ ቢባል፥ መልሱ ሩቅ አይደለም። መጽሐፉን ሊያነቡ የሚችሉት ራሳቸው የተወቀሱት ሰዎችና እነርሱን የመሰሉት ነበሩ፤ ሲኒማውን ሊያይ የመጣው ግን ፊደል ያልቈጠረውም ሕዝብ ነበረ። ይህ ነገር የመንግሥት ሥራ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስበው የሚገባ ነው።

የታሪኩ ባለቤት ኤል ሐጂ አብዱ ካደር ቤይ የሚባል የዳካር ነጋዴ ነው። መጽሐፉ እንደሚናገረው በወጣትነቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ በቅኝ አገዛዝ ዘመን ከሠራተኞች ማኅበር ጋራ በመቆሙ ከሥራው ተባረረ። ደራሲው ለአንባቢ ያቀረቡት እንግዲህ ከመጀመሪያው ክፉ የነበረውን ሰው አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለእውነት ዋጋ የከፈለውን፥ በኋላ ግን ዋጋውን ከነወለዱ ልቀበል ያለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከተራው ሌባ ይልቅ የሚያሳዝን፥ ደግሞም በየመሥሪያ ቤቱ በቶሎ የሚታወቅ ነው።

ነፃነት ከመጣ በኋላ ኤል ሐጂና ጓደኞቹ የንግድ ምክር ቤቱን ከፈረንሳዮች እጅ ተረከቡ። ያን ዕለት እርሱ ሦስተኛ ሚስት ያገባል። ድግሱ ታላቅ ነው፤ ለሙሽራይቱ ከተሰጣት ገጸ በረከት መካከል አዲስ አውቶሞቢል አለ። በጋብቻው ሌሊት ግን ወንድነቱ ታስሮ ያድራል። «ኻላ» ማለት በወሎፍ ቋንቋ በድግምት ወንድነቱ ለታሰረበት ሰው የሚነገር ቃል ነው። ከዚህ በኋላ ኤል ሐጂ ማራቡ የሚባሉትን የአገሩን መድኃኒተኞች ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ይለምናል። ሱቁ ይዘጋጋል፤ ዕዳው ይበዛል። በመጨረሻ በገጠር የሚኖር አንድ መድኃኒተኛ ይፈታዋል፤ ዋጋውንም በቼክ ይከፍለዋል። ቼኩ ወደ ባንክ ሲሄድ ገንዘብ የለውም፤ መድኃኒተኛውም የፈታውን መልሶ ያስረዋል። በድግሱ የበሉት ጓደኞቹ ደግሞ ከመንግሥት የእህል ድርጅት ያወጣውን ሩዝ ሸጦ ለራሱ አድርጓል ብለው ከምክር ቤታቸው ያስወጡታል፤ እነርሱ ግን ከዚህ ጥፋት ንጹሓን እንዳልሆኑ ተመልካቹ ያውቃል።

ኤል ሐጂ ድግምቱን ያደረገብኝ ከሚስቶቼ አንዷ ናት እያለ ይጠራጠር ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ አልመጣም። በሱቁ በር ተቀምጦ ሲለምን የኖረው፥ ድምፁ ስለ ሰለቸው በፖሊስ እንዲነሣለት ያስደረገው ዐይነ ስውር የኔ ቢጤ ነበር ያሰረው። ይህ ለማኝ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ኤል ሐጂ ከብዙ ዘመን በፊት የወገኑን ርስት በሐሰት ጽሑፍ ወደ ራሱ ስም አዙሮ ሸጦበታል፤ አቤት ቢልም ለእስራት ዳርጎታል። መጽሐፈ ነገሥትን የሚያውቅ ካህን ሁሉ የናቡቴን የወይን ቦታ እዚህ ላይ ያስታውሳል፤ በዚያም ርስቱ የተወሰደው በጦር ሳይሆን ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ነበርና።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ሴምቤን መጀመሪያ በመጽሐፍ ከጻፉት በኋላ ለምን ወደ ሲኒማ አመጡት? ይህን ለማወቅ የሰውየውን ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል። በ1923 ዓ.ም. በሴኔጋል ደቡብ በካዛማንስ አገር፥ ዚጊንሾር በምትባለው ከተማ ከዓሣ አጥማጅ አባት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በልጅነታቸው አቋረጡ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ አገለገሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ በማርሴይ ወደብ ጭነት በማውረድ ሥራ ኖሩ። መጻፍን የተማሩት በዚያ ወደብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በ1956 ዓ.ም. የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፋቸውም ስለ አንድ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ ይናገራል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የዳካርና የኒጀር ምድር ባቡር ሠራተኞች ከ1947 እስከ 1948 ዓ.ም. ሥራ አቁመው የታገሉበትን ታሪክ በልብ ወለድ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ስማቸው በፈረንሳይኛ አንባቢ ዘንድ ከፍ አለ።

ነገር ግን እዚያው ላይ ችግሩ ተገለጠ። ስለ ባቡር ሠራተኞች የተጻፈውን መጽሐፍ አብዛኞቹ የባቡር ሠራተኞች ሊያነቡት አልቻሉም። ፊደል ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ፈረንሳይኛውን አጥርተው የሚረዱት የጥቂት ጥቂት። የፓሪስ ምሁር የዳካርን ድኻ ኑሮ አንብቦ ያዝናል፤ የዳካር ድኻ ግን ስለ ራሱ ምን እንደ ተጻፈ አያውቅም። ሴምቤን ይህን ባዩ ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ሳለ ብዕራቸውን ሳይጥሉ ወደ ሞስኮ ሄደው የሲኒማን ሥራ ተማሩ። ስመ ጥር ደራሲ ከሆኑ በኋላ እንደ ጀማሪ ተማሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። በ1963 ዓ.ም. «ቦሮም ሳሬት» የተባለውን፥ የአንድ የዳካር ጋሪ ነጂ የአንድ ቀን ውሎ የሚያሳየውን ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ አወጡ። በ1968 ዓ.ም. ከራሳቸው መጽሐፍ የወጣውን «ማንዳቢ» በወሎፍ ቋንቋ አነጋግረው አሳዩ። ሲኒማን የማታ ትምህርት ቤት አድርገው ይቈጥሩት ነበር።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ካህናት አዲስ ሊሆን አይገባም። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕል ምን ሥራ ይሠራል? ገድሉንና ተአምሩን ማንበብ የማይችል ባላገር ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ፥ ባለጸጋውን ነዌንና ድኻውን አልዓዛርን በየቦታቸው አይቶ ታሪኩን በልቡ ይጽፋል። ሥዕሉ መጽሐፉን አላዋረደውም፤ መጽሐፉ ወደማይደርስበት አደረሰው እንጂ። በዘመናችንም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በራዲዮ በተሰማ ጊዜ፥ መጽሐፉን በእጁ ይዞት የማያውቅ ሕዝብ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር እንደ ጎረቤቱ ነገር ይጨዋወተው ጀመር። ስለዚህ መጽሐፍን ወደ ድምፅ ወይም ወደ ሥዕል ማምጣት ለሰነፍ አንባቢ የሚደረግ ማቅለል ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ያዩ ይመስላሉ።

እርግጥ ነው፤ መጽሐፍ ወደ ሲኒማ ሲለወጥ የሚቀር ነገር አለ። በ«ኻላ» መጽሐፍ ውስጥ የኤል ሐጂ የመጀመሪያ ሚስት አጃ አዋ አስቱ ከክርስቲያን ወገን የተወለደች፥ ስሟም ረኔ የነበረ የጎሬ ደሴት ልጅ ናት። ለባሏ ስትል ሃይማኖቷን ለውጣለች፤ ሽማግሌው አባቷ ግን በደሴቱ ላይ በካቶሊክ ሃይማኖቱ ጸንቶ ይኖራል፤ በአባትና በልጅ መካከልም ከባሕሩ የሰፋ ዝምታ አለ። ይህ ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ልብ የሚነካው ነው። ሲኒማው ግን ይህን ታሪክ አይከተለውም፤ በዚህም ተመልካቹ ብዙ ተጐድቷል። ሦስተኛይቱ ሙሽራም በሲኒማው ስትታይ እንጂ ስትናገር እምብዛም አትሰማም። የሸጧት ዘመዶቿ ብዙ ይናገራሉ፤ የተሸጠችው ግን ምን እንዳሰበች ማንም አያውቅም። ደራሲው ይህን ሆን ብለው አድርገውት ይሆናል፤ ቢሆንም ስለ ግፍ የሚናገር ሥራ ከተገፉት አንዷን ያለ አንደበት መተዉ ጉድለት ነው።

የተጨመረው ግን ከቀረው ይበልጣል። ሲኒማው ሲጀምር ከበሮ እየተመታ፥ ሕዝቡ እየዘፈነ፥ የአገር ልብስ የለበሱ ሰዎች ወደ ንግድ ምክር ቤቱ ይወጣሉ። ፈረንሳዮቹን ያስወጣሉ፤ የፈረንሳይን ሬፑብሊክ የሚያመለክተውን የማርያንን ሐውልትም አውጥተው በደረጃው ላይ ያኖሩታል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጥቂት ቈይቶ እነዚያው የአገር ልጆች የአውሮፓ ሱፍ ለብሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይታያሉ፤ የተባረሩት ፈረንሳዮችም ተመልሰው መጥተው በእያንዳንዱ ፊት የእጅ ቦርሳ ያስቀምጣሉ። ቦርሳው ሲከፈት በገንዘብ የተሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩ ስለ ነፃነትና ስለ አፍሪካ ክብር ንግግር ያደርጋል፤ ንግግሩም በፈረንሳይኛ ነው። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ስለ ጉቦ፥ ስለ ውጭ አገር ንግድና ስለ አዲስ ሹማምንት ብዙ ገጽ መጻፍ ባስፈለገ ነበር፤ እዚህ ግን ፊደል የማያውቅ ሰው የቦርሳውን መከፈት ባየ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባው።

ስለ ውሃውም እንዲሁ ነው። የኤል ሐጂ ሾፌር የጌታውን መርሴዲስ የሚያጥበው ከፈረንሳይ በጠርሙስ ታሽጎ በመጣ በኤቪያን ውሃ ነው። አንድ ቀን ልጁ ራማ ወደ ቢሮው በመጣች ጊዜ ከዚያው ውሃ ቢያቀርብላት ከውጭ አገር የመጣ ውሃ አልጠጣም ብላ ትመልስለታለች። በዚያን ዘመን የሳሕልን ምድር ሁሉ ድርቅ እንደ መታው፥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው እንዳለቀ የሚያስታውስ ተመልካች ስለዚያ የመኪና እጥበት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያው ድርቅ ወሎን መትቶ ምን እንዳደረሰ፥ ምን ያህልም ጊዜ እንደ ተደበቀ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊም ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን በሲኒማው የተገለጠው የቋንቋው ነገር ነው። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ማን በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ ለአንባቢ ጆሮ አይሰማም፤ ደራሲው ይነግሩታል እንጂ። በሲኒማው ግን ይሰማል። አባት በፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ልጅ በወሎፍ ትመልሳለች። አባት ተቈጥቶ፥ እኔ በፈረንሳይኛ ስናገርሽ ስለ ምን ሁልጊዜ በወሎፍ ትመልሽልኛለሽ ይላታል። በኋላ እርሱ ራሱ በምክር ቤቱ ፊት ተከሶ በቆመ ጊዜ፥ መከራው የእናቱን ቋንቋ አስታውሶት በወሎፍ ልናገር ቢል፥ ባልደረቦቹ በፈረንሳይኛ ካልሆነ አይሆንም ብለው ይከለክሉታል። ሰው ራሱን በሚከላከልበት ሰዓት እንኳ ከልቡ ቋንቋ ተለይቶ በተውሶ ቋንቋ እንዲማልድ መገደዱ የነፃነቱን መጠን ያሳያል። በሲኒማው መካከል በወሎፍ የሚዘፈን ዘፈንም አለ፤ ለውጭ ተመልካች ትርጉሙ አልተጻፈለትም። ባለ ቋንቋው ሰምቶ ምሥጢሩን ይረዳል፤ ሌላው ዜማውን ብቻ ይሰማል። የቅኔን ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሊቅ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ወደ መቀሱ ነገር እንመለስ። ሲኒማው የተሠራው በሴምቤን የግል ማኅበርና በሴኔጋል መንግሥት የሲኒማ ድርጅት ገንዘብ በአንድነት ነው። የመንግሥቱ ራስ ከ1960 እስከ 1980 ዓ.ም. አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንት ሌኦፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ታላቅ ባለቅኔ፥ በኋላም በ1983 ዓ.ም. ለፈረንሳይ አካዳሚ የተመረጡ ሊቅ ናቸው። መንግሥት እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘቡን ማውጣቱ የሚመሰገን ነው፤ በብዙ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ነበርና። ነገር ግን ያው መንግሥት በአንድ እጁ የከፈለበትን ሥራ በሌላው እጁ ቈረጠው። ሴምቤን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ብልኀት ነበረው። የተቈረጡት ቦታዎች ምን ምን እንደ ሆኑ በበራሪ ወረቀት አሳትመው ለሕዝብ አደሉት። ስለዚህ የቈረጠው እጅ ያተረፈው ነገር ቢኖር፥ ሳይቈረጥ ቢሆን ኖሮ ሌላው ትዕይንት ሲመጣ ይረሳ የነበረው ትዕይንት በየሰዉ አፍ እንዲነገር ማድረግ ብቻ ሆነ።

ይህም በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቀ ነገር ነው። ንጉሡ ኢዮአቄም የነቢዩ የኤርምያስ መጽሐፍ በፊቱ ሲነበብ፥ ሦስትና አራት ዐምድ በተነበበ ቍጥር በብርዕ መቍረጫ እየቀደደ ወደ እሳቱ ይጥለው ነበር። የመጽሐፉ ክርታስ ተቃጠለ፤ ነገሩ ግን አልተቃጠለም። ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠው፤ የቀድሞውም ቃል ሁሉ እንደ ገና ተጻፈ፤ እርሱን የሚመስል ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ቢላዋ የያዘ ሹም ሁሉ ይህን ምዕራፍ ቢያነበው መልካም ነበር።

ቈራጮቹ ለራሳቸው የሚያቀርቡት ምክንያት እንደሌለ ተደርጎ ሊነገር አይገባም። የመጀመሪያው ምክንያት፥ የአገር ገመና ለባዕድ ሰው ዐይን ይገለጣል የሚል ነው። ይህ ምክንያት ቢመረመር ግን አይጸናም። ለባዕድ ተገልጦ የነበረው መጽሐፉ ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ፥ በባዕድ ከተማ በፓሪስ ታትሞ፥ በባዕድ ሰው እጅ ይነበብ ነበር። እርሱን የነካው የለም። የተቈረጠው በአገሬው ቋንቋ ለአገሬው ሕዝብ የሚናገረው ነው። እንግዲህ ያስፈራው የባዕድ ዐይን አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥነ ምግባር ነው፤ ለካህናትም ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ይመስላል። የሲኒማው መጨረሻ እጅግ የሚያስጨንቅ ነው። የኔ ቢጤዎቹ፥ አካለ ስንኩላኑና በሽተኞቹ፥ ከከተማ ተጭነው በበረሓ ተጥለው በእግራቸውና በጉልበታቸው እየተጐተቱ የተመለሱት ሁሉ ወደ ኤል ሐጂ ቤት ይገባሉ። ከድግምቱ መፈታት ከፈለገ ልብሱን አውልቆ በሚስቱና በልጆቹ ፊት ይቁም፥ እነርሱም አንድ በአንድ ይትፉበት ይሉታል። ይህንንም ያደርጋሉ፤ ሥዕሉ በድንገት ደርቆ ይቆማል፤ የምራቁ ድምፅ ግን አያቋርጥም። ይህ ለሕፃናት የሚታይ አይደለም፤ ለዐዋቂም ቢሆን የሚከብድ ነው። ቢሆንም የሥነ ምግባር ጠባቂ በዚህ ላይ ሲቈጣ ከዚያ በፊት ባለፉት ነገሮች ላይ ተቈጥቶ እንደ ነበር ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። ለማኞቹ እንደ ቈሻሻ በመኪና ተጭነው ሲጣሉ፥ ርስት በሐሰት ጽሑፍ ሲወሰድ፥ የድኻ ሩዝ ለድግስ ሲሸጥ በዝምታ ያየ ሰው፥ በመጨረሻው ምራቅ ብቻ ቢጸየፍ ጸያፍነቱን ያየው ዘግይቶ ነው። ለማኞችን ከከተማ የማስወጣት ነገርም የደራሲ ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ የዳካር ሹማምንት በዚያ ዘመን ከተማይቱን ለማስዋብና ጐብኚን ለመሳብ ሲሉ በእውነት ያደርጉት የነበረ ሥራ ነው። ምጽዋትን የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን በደጀ ሰላሟ የተቀመጡትን ከዐይን ስለ ማራቅ የምትለው ነገር እንዳላት የታወቀ ነው።

ስለ ወጣቶቹም ትውልድ ጥቂት ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ መጽሐፉም ሲኒማውም ስለ አባቶች ብቻ አይደለምና። ራማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አባቷ ሦስተኛ ሚስት ማግባቱን በፊቱ ተቃውማ በጥፊ ተመታች። በመጽሐፉ ትንሽ ፊያት መኪና ትነዳለች፤ በሲኒማው ግን ደራሲው መኪናውን ወስደው ሞተር ብስክሌት ሰጥተዋታል። ይህ ለውጥ ትንሽ ይምሰል እንጂ አስተውለው ያደረጉት ነው። በአባቷ ገንዘብ በተገዛ መኪና እየሄደች አባቷን የምትወቅስ ልጅ ጥያቄ ታስነሣለች፤ ሲኒማው ጥያቄውን ሳይመልስ ከመንገዱ አነሣው። በዚህም ራማ ከመጽሐፉ ይልቅ በሲኒማው ንጽሕት ሆና ትታያለች፤ ንጽሕናዋ ግን ከእውነቱ አንድ ነገር አጕድሏል። በብዙ አገር ከነፃነት በኋላ የተወለደው ትውልድ የአባቶቹን ጥፋት የሚያውቀው በአባቶቹ ገንዘብ በተማረው ትምህርት ነው። በመኪናው ውስጥ ተቀምጣ የምትጨነቀዋ የመጽሐፉ ራማ ለዛሬው የሹማምንት ልጅ ትቀርባለች።

ራማ በምትናገርበት ቋንቋ ግን ደራሲው ራሳቸው በሥራ አብረዋት ነበሩ። ሴምቤን ከቋንቋ ሊቁ ከፓቴ ጃኝ ጋራ ሆነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ካዱ» የተባለ በወሎፍ የሚታተም ጋዜጣ አቋቁመዋል፤ በሲኒማውም ይህን ጋዜጣ በመንገድ የሚሸጥ ሰው ይታያል። በአገሩ ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ በእጁ ይዞ ይህን የሚያነብ ሰው፥ በሌላ አገር ይህን ያህል ለማግኘት ምን ትግል እንዳስፈለገ ቢያስብ አይከፋም።

የ«ኻላ» ነገር በዚህ አላበቃም። በ1977 ዓ.ም. ሴምቤን «ጬዶ» የሚባል ሌላ ሲኒማ ሠሩ፤ ይህም በሴኔጋል ለብዙ ዓመታት ሳይታይ ተከለከለ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ስለ ታሪኩ አልነበረም፤ ስለ አጻጻፉ ነበር። የወሎፍን አጻጻፍ በወሰነው ደንብ መሠረት በርእሱ ውስጥ «ደ» የሚለው ፊደል አንድ ብቻ መሆን ሲገባው ሁለት ሆኖ ተጽፏል ተባለ። ሴምቤን ፊደሉን አላነሡም፤ ሲኒማው በአገሩ የታየው ፕሬዚዳንት ሴንጎር ከሥልጣናቸው ከወረዱ በኋላ ነው። እርሳቸውም እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ሲኒማ ሲሠሩ ኖረው በ2007 ዓ.ም. በዳካር ዐረፉ።